አንድ ጥርስ ወደ ግራ

«ወይኔ ወንድሜ! ቤቱ መሪ አጣ! መሪ ያጣ ቤት ደግሞ ወዴት ይደርሳል?»

የሟቹ ታላቅ እኅት ይህን እያሉ ደረታቸውን መታ መታ ሲያደርጉ፣ በጎናቸው የተቀመጠችው የሟቹ ሚስት ሻሿን ወደ አፏ አስጠግታ አቀረቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በተውሶ ወንበሮች ላይ ዙሪያውን የተቀመጡት እንግዶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲት ጎረቤት ከኋላዋ መጥታ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «አልቅሺው እናቴ፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

እርሷ ግን አላለቀሰችም፤ ሳቋን እየዋጠች ነበር።

ከተቀመጠችበት ፊት ለፊት ያለው መስኮት ወደ ግቢው ያሳያል። በግቢው ውስጥ ከሟቹ የሥራ ክፍል በር ላይ «አሮጊቷ» ቆማለች። አሮጊቷ ማለት ዳገትና ጭቃ የማትፈራ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ከባለቤቶቿ ጋር አብራ ያረጀች መኪና ናት። ሟቹ ነፍሱ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ መሪዋን ከነዘንጉ ነቅሎ አውጥቶት ስለ ነበር፣ በቦታው የሚታየው ባዶ ቀዳዳና የተንጠለጠለ ሽቦ ብቻ ነው። እኅትየው «መሪ አጣ» ባሉ ቁጥር የሚስትየው ዐይን ሳታዝዘው ወደዚያ ይሄዳል። ባሏ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቀዋለች። «እውነቷን ነው፤ ግን ቤቱ ደኅና ነው፣ ያጣችውስ መኪናዋ ናት» ባለ ነበር።

ሚስትየዋን ሰው ሁሉ «አዋላጇ» እያለ ይጠራታል። በዚያ ክፍል ከተቀመጠው ሰው እኩሌታው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የነካው የእርሷን መዳፍ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎልማሳ ሊያጽናናት ኰስተር ብሎ ሲጠጋ፣ «ይኼ ሲወለድ በእግሩ የመጣው ነው፤ ያን ጊዜም እንዲሁ ዘግይቶ ነበር» ብላ ታስባለች። ሐዘኗ ቀላል ሆኖ አልነበረም። ከባሏ ጋር ሲሳሳቁ ስለኖሩ፣ እንባዋ ራሱ ሳቅን ካላስቀደመ መንገዱን አያገኝም።

ሻይ የያዘው ፔርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኅትየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። በአንድ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰሙ፣ የእርሳቸው ሹክሹክታ እስከ ግቢው በር ይደርሳል።

«ስሚኝማ፤ ሐዘኑ እንዳበቃ ቤቱን ቆልፈን ከእኔ ጋር ወደ ከተማ ትወርጃለሽ። ክፍሉን አስጠርጌዋለሁ። እዚህ ዳገት አናት ላይ ብቻሽን ምን ልትሆኚ ነው? አውቶቡስ አይመጣ፣ ታክሲ አይወጣ! ያንን ቆርቆሮም ለመኪና ቀባሪው ስጪውና ፈታትቶ ይገላግለን።»

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ሐዘኑ ይውጣ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ከወጣ በኋላ ነው እንጂ!»

ክፋት እንደሌለባቸው አዋላጇ ታውቃለች። የጨነቃት የመልስ እጦት ነው። የቀኝ ትከሻዋ ከጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ወድቃ ከተጎዳ ወዲህ መሪ ነክታ አታውቅም። የአሮጊቷ መሪ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ነበርና፣ «ከእንግዲህ እኔና መንዳት ተቆራርጠናል» ብላ ምላ ተገዝታ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዳገቱና በየሸለቆው ወደሚያምጡት እናቶች የሚያደርሳት ባሏ ብቻ ነበር። አሁን እርሱ የለም። ምጥ ላይ የማትደርስ አዋላጅ ደግሞ ከዘነበ በኋላ የሚመጣ ጃንጥላ ናት። ከተማ ወርዳ በተጠረገ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው እጅ ስታይ እድሜዋን መጨረሷ ይሆን? ይህን ስታስብ ሳቁ ከጉሮሮዋ ይጠፋል።

ባሏ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ብረት በማሽኑ ላይ እያዞረ በፀጉር ስንጣቂ ልክ የሚቀርጽ፣ ከሥራው ውስጥ ቅንጣት ስሕተት ሲያገኝ የሚታመም ሰው። ቁመቱ የበር ጉበን ስለሚነካ በየደረሰበት ጎንበስ ማለት ልማዱ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከደረቱ አትደርስም። አብረው ሲሄዱ የምትለውን ለመስማት ሁልጊዜ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። «ድንቢጥ» ነበር የሚላት። በተጋቡ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ባል የቤቱ መሪ ነው» ሲሉ ምክር ቢሰጡ፣ ሙሽራው ፈቃድ ጠይቆ፣ «መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ ወዴት እንደሚኬድ የምትናገረው ግን እሷ ናት» አለና ድግሱን በሳቅ ሞላው። እንዳለውም ኖሩ። መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ እርሱ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል፤ እርሷ፣ «ወደ ወንዙ ማዶ ነው፣ ቀስ እያልክ» ካላለችው ሞተር አያስነሣም።

ያ ሁሉ ጥንቃቄው በአንድ ነገር ብቻ ይሰናከል ነበር፦ የአሮጊቷ መሪ ጠማማ ነው። የመሪው ክብ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ጥርስ በጥርስ ገብቶ ነውና፣ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ መሪው ዘንበል ብሎ ይታያል። ገና በጎልማሳነታቸው፣ ባሏ መሪውን አውርዶ ሲያጸዳ ምጥ የጠናባት እናት ባል እየሮጠ መጣ። ያ በልክ የሚኖር ሰው ሳያስተካክል መሪውን ጭኖ፣ የሚያስረውን ዳዶ አጥብቆ ገሠገሠ። በጊዜ ደረሱ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። በማግሥቱ ሊያስተካክለው መፍቻ ይዞ ገባ፤ ቆይቶ ቆይቶ ግን መፍቻውን እንደያዘ ወጣ።

«ምነው ተውከው?» አለችው።

«ይቅር፤ በጊዜ የደረስንበት ጥርስ ነው።»

ከዚያ ወዲህ፣ «መሪህ ጠማማ ነው» ስትለው፣ «ጠማማው መንገዱ ነው» ይላታል። ይህ የዕድሜ ልክ ጨዋታቸው ሆነ።

እኅትየው ከተማ እንውረድ ባሉ ማግሥት፣ ከሰዓት በኋላ ባለ ወፍጮው መጣ። ከሚቀጥለው ዳገት በላይ ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት የሆነ፣ ልብሱ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ፣ ዐይነ አፋር ሰው ነው፤ ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። በመጣ ቁጥር በሩ አጠገብ ይቀመጥና ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ ዝም ይላል። የቆቡ መጠምዘዝ እየባሰ መሄዱን አዋላጇ ልብ ብላ ነበር።

«ሚስትህ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት፤ እግዜር ይመስገን። ጥቂት ከብዷታል።»

«እግሯ አብጧል?»

«ኧረ እኔ… ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት እማማ።»

«ደርሰሃል ልጄ። እግሯስ?»

«አብጧል።»

«ጨው ቀንሱ፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያው ሰው ላክ፤ የደም ግፊቷን ይለኩላት። ራሷን ካመማት ወይም ዐይኗ ብዥ ካለባት ጊዜ አትስጥ፤ ወደኔም ሰው ስደድ።»

«ሰው ቢመጣስ እሷን ማን ሊያደርሳት?» አሉ እኅትየው ድንገት ሰምተው። «የሚነዳላት አፈር ለብሷል! በእግር ዳገቱን ልታስወጧት ነው?»

ባለ ወፍጮው ቆቡን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ገመድ አስመሰለው። አዋላጇም ሻይዋን ቀመሰች፤ ቀዝቅዟል።

በዚህ ጊዜ ነበር ቀባሪው የገባው። ቀባሪው ሥራው ሰው መቅበር አይደለም። የተጋጩ፣ ያረጁና የወደቁ መኪኖች ወደ ሰፊ ግቢው ይመጣሉ፤ እርሱም ፈታትቶ ጕልበታቸውን ለሌሎች ያካፍላል። ሟቹ ራሱ ነው ስሙን ያወጣለት። ከከተማ ርቆ ዕቃ ፍለጋ ሄዶ ስለ ነበር ለቀብሩ አልደረሰም። በሩ ላይ አንዱ እጁን ይዞ፣ «ሰውየው እኮ ከሥራ ክፍሉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ሻዩን እንደያዘ…» ብሎ ሊተርክለት ቢጀምር፣ ቀባሪው ቀይ ዐይኑን ጠረግ አድርጎ፣ «ተወው ወንድሜ፤ ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብህ» አለው። ሰው ሁሉ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መሬት አየ።

ከአዋላጇ ፊት ጎንበስ ብሎ ተሳለማትና አጠገቧ ተቀመጠ። በመስኮቱ ወደ ግቢው አየት አደረገ። ከዚያ፣ «አሮጊቷስ እንዴት ናት?» ሲል ጠየቀ።

«ምን እሆናለሁ ልጄ» አሉ እኅትየው፤ «ወንድሜን ቀብሬ ቁጭ ብያለሁ።»

ቀባሪው ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አዋላጇ ዞረ። «እታለም፣ በዚህ ቀን ይህን ማንሣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መሪው ተገኝቷል።»

የእኅትየው ደኅነኛ ጆሮ ከዚያ ወገን ነበር።

«ምን ተገኘ?»

«መሪ ነው እትዬ» አለ ቀባሪው በአክብሮት። «ቀጥ ያለ፣ ጉዳት የሌለበት።»

እኅትየው የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«ለዚህ ቤት?»

«ለዚሁ ቤት ነዋ። ያገለገለ ነው፤ አልዋሽም። ግን ብዙ አልደከመም፤ እኔ ራሴ አገላብጬ አይቼዋለሁ።»

«አገላብጠህ!»

«የመጀመሪያው በጣም ረጅም ሆነ፤ አልተስማማም። ሁለተኛው ልኩ ነበር፣ ግን ወገቡ ጎብጦ ተገኘ። ይኼ ሦስተኛው ነው።»

«ሦስተኛ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ! ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜ በሕይወት ነበር?»

«በሕይወት ሳለ ነው እንጂ! ራሱ አይደል እንዴ ፈልግልኝ ያለኝ? እያንዳንዱን ሳመጣለት በእጁ እያዞረ ይፈትነው ነበር።»

አዋላጇ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። ሻሿ አላገዳትም፤ ሳቋ እንደ ተገደበ ውኃ ፈነዳ። ዐይኗ እንባ አዝሎ፣ ሆዷን ይዛ፣ በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተች። «የመኪናዋ… የመኪናዋ መሪ እኮ ነው እትዬ!»

ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ባዶውን ቀዳዳ አየ። መጀመሪያ ከባለ ወፍጮው አፍንጫ ሳቅ አመለጠ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኅትየው ቆመው ቆይተው፣ ነገሩ ሲገባቸው፣ «ውይ! ውይ እኔን! ባል ያመጣልሽ መስሎኝ!» ብለው አዋላጇ ላይ ተደገፉ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ተቃቀፉ ሳቁ፤ መካከል ላይ ሳቁ ሳያስታውቅ ልቅሶ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ።

ሲረጋጉ አዋላጇ ፊቷን ጠርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው ቀባሪውን። «ግን ምን ያደርግልናል? ለራሱ ነበር የፈለገው። ክንዴ ደከመ፣ ለእርጅናዬ ቀለል ያለ መሪ ልትከል ይል ነበር። በቃ፣ አብሮት ይቅር።»

ቀባሪው አፉን ከፈተ። «ለራሱ?»

«እንዲያ ነው ያለኝ።»

«እታለም፣ የመጀመሪያው ረጅሙ እኮ ለእሱ ልክ ነበር! ይኼ አልሆነም ቢለኝ ተናደድኩ። የዚህኛውን ዓይነት ሲመርጥ ደግሞ፣ ‹ሰውዬ አብደሃል? ይኼ ከትንሽ መኪና ላይ የወጣ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉልበትህ ከሥሩ አይገባም› አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹የሚገቡት ጉልበቶች የእኔ አይደሉም።›»

አዋላጇ ወደ ገዛ ጉልበቷ አየች።

አንድ ቀን ትዝ አላት። ባሏ የአሮጊቷን የሾፌር ወንበር ነቅሎ ግቢው ውስጥ አስቀመጠና፣ «ነይማ ድንቢጥ፣ ተቀመጪበት» አላት። ዱቄት ስትነፋ ነበርና ወንፊቷን እንደያዘች ሄደች። «ወንፊቱን እንደሚመችሽ አድርገሽ ያዢው። ትከሻሽን ሳያምሽ። ዐይንሽን ጨፍኚ።» የተለመደው ቀልዱ ነው ብላ ጨፈነች። ሽቦ ሲያጥፍ፣ ከጉልበቷ እስከ ወንፊቱ ሲለካ ኮሽታው ይሰማታል። «ምን እያደረግህ ነው አንተ ረጅም?» ብትለው፣ «ፎቶ ላነሣሽ ነው፤ አትንቀሳቀሺ» አላት። ጨፍና ብዙ ቆየች። ዐይኗን ስትከፍት እያያት ነበር፤ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ። ቀሚሷን ዱቄት ስላበላሸው ተቆጥታው ገባች።

ለምን እንደደበቃት አሁን ገባት። «ለአንቺ ነው» ቢላት፣ «መሪ አልነካም» ትለው ነበር። ደግሞም «ለአንቺ ነው» ማለት «እኔ ሳልኖር» ማለት ነው፤ ይህን ቃል ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውም በዚያ ቤት ውስጥ ተናግረውት አያውቁም።

ተነሥታ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ከቶርኖው ሥር ያለውን፣ ያለቀ ሥራውን የሚያኖርበትን መሳቢያ ሳበች። በዘይት በራሰ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የሚያብረቀርቁ ብረቶች ተኝተዋል። ተከትሏት የመጣው ቀባሪው አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዛቸው።

«ጨርሶታል እኮ» አለ በሹክሹክታ። «ወገቡ ከጎበጠው ዘንግ ላይ ልክ ወስዶ ነው። ይኼኛው ዘንጉን ከታች ያገናኛል፤ ይኼኛው ደግሞ የድሮውን መሪ በአዲሱ ዘንግ ላይ ያስቀምጠዋል። የቀረው ዘንጉ ራሱ ነበር።»

«ነገ አምጣው» አለችው።

በነጋታው፣ ሐዘን ቤት ውስጥ መዶሻ ይነሣል ወይ የሚል ማጕረምረም ተነሥቶ ነበር። ዝም ያሰኙት እኅትየው ናቸው። «ወንድሜ የጀመረው ነው የሚያልቀው! እሱን መጨረስ ልቅሶ ካልሆነ ሌላው ምንድን ነው?» አሉና ወንበራቸውን ወደ ግቢው አስወጡ። እንግዳውም ሁሉ ወንበሩን ይዞ ተከተለ። ለቅሶው እንዲህ ከመኪናዋ ዙሪያ ሆነ።

ቀባሪው ከነትንሽ ሞተሩ የመጣውን የመሪ ዘንግ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣ። ሞተሩ የሾፌሩን እጅ የሚያግዝ ነው። ባሏ አስቀድሞ ከዳሽቦርዱ ሥር የበየደው ማቀፊያ ዘንጉን እንደ እናት ክንድ ተቀበለው። የታችኛው ብረት ገባ፤ አንድም ጊዜ ሞረድ አላስፈለገውም። ቀባሪው ራሱን ነቀነቀ፤ «ሞቶም ያበሽቀኛል» አለ። ሽቦውን ከባትሪው አገናኘ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቆ ደጋግሞ ፈተሸ። በመጨረሻም ያንን የድሮ መሪ፣ የባሏ መዳፍ ሁለት ቦታ ላይ ያለሰለሰውን፣ በቦታው አስቀምጦ ዳዶውን አሠረ።

«ግቢና ሞክሪው እታለም።»

ገባች። ጉልበቷ ከመሪው ሥር ሳይነካ አለፈ። ክንዷን ዘረጋች፤ መሪው ወንፊቱ በነበረበት ቦታ ላይ ጠበቃት። ሞተር አስነሥታ ወደ ቀኝ ብታዞረው፣ ያ የወፍጮ ድንጋይ የነበረው ነገር በሁለት ጣቷ ዞረ። ትከሻዋ ዝም አለ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏቸው እጃቸውን ደበቁ።

«እንግዲህ ከተማ አትወርጂም ማለት ነው» አሉ እኅትየው በመስኮቱ በኩል።

«እወርዳለሁ እንጂ እትዬ፤ ራሴ ነድቼ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ።»

«ክፍሉን እኮ አስጠርጌዋለሁ።»

«ቡና ያፍሉልኝ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ እጠጣዋለሁ።»

እኅትየው ሊቈጡ ብለው ተዉት። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ፤ ከልባቸው ምርቃት ነበር።

ከዚያ አዋላጇ ሞተሩን አጠፋችና መሪውን አየችው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለዋል፤ መሪውም ቀጥ ብሏል። ቀባሪው እጁን እየጠረገ፣ «አየሽው? እንደ ክር ነው ያስተካከልኩት! ያ ሁሉ ዘመን ጠማማ መሪ ይዞ ይዞር ነበር፤ እኔ ነኝ ያቃናሁለት» አለ በኩራት።

እርሷ እጇን ዘረጋች።

«መፍቻውን ስጠኝ።»

«ምነው? የላላ ነገር አለ?»

ዳዶውን ራሷ ፈታች። መሪውን በሁለት እጇ ከጥርሱ ላይ አላቀቀችው፤ አንድ ጥርስ ወደ ግራ አዙራ ቁልቁል ተጫነችው።

«ኧረ እታለም፣ ጠማማ ሆነ እኮ!»

«መንገዱ ነው» አለችው፤ ዳዶውንም መልሳ አጠበቀች። ቀባሪው ሊከራከር አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን አየና ጥብቀቱን ብቻ ፈትሾ ፈቀቅ አለ።

ባለ ወፍጮው በግቢው በር በኩል እያለከለከ ብቅ አለ። ቆቡ በእጁ የለም፤ የሆነ ቦታ ጥሎታል። ምንም አልጠየቀችውም፤ ቦርሳዋን አስመጣችና አጠገቧ ያለውን በር ከፈተችለት። ሮጦ ወጣና ተቀመጠ።

ቁልፉን ይዛ ጥቂት ጠበቀች። መሪው አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ነበር።

«ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው» አለችው፤ «ቀስ እያልክ።»

ባለ ወፍጮው ለእርሱ የተነገረ መስሎት፣ «እሺ እማማ» አለ። እርሷም ሞተሩን አስነሣች።